ነጻ ተከላካይ ጠበቃ ለታሰረ ሰው፦ የቱን አማራጭ፣ በየትኛው ደረጃ?

ሰው ሲታሰር ቤተሰብ መጀመሪያ የሚያነሳው ጥያቄ «ጠበቃ ስንት ያስከፍላል?» የሚል ነው። ከዋጋው የሚቀድም ጥያቄ ግን አለ፦ ጉዳዩ የት ደርሷል? ተጠርጣሪው ገና ፖሊስ ጣቢያ ነው? የጊዜ ቀጠሮ (ፖሊስ ምርመራውን እስኪጨርስ አስሮ ለማቆየት የሚጠይቀው ተጨማሪ ጊዜ) ተጠይቆበታል? ዐቃቤ ሕግ ክስ መሥርቷል? ወይስ ተፈርዶበት ይግባኝ ሊል ነው? ያለ ክፍያ የሚቆም ጠበቃ ከአንድ በላይ ቦታ ይገኛል፤ ሆኖም እያንዳንዱ የሚደርሰው በተለያየ ደረጃ ላይ ነው፤ ወጪውን የሚሸፍነውም የተለያየ አካል ነው። ይህን የማያውቁ ቤተሰቦች ማንም በማይመደብበት በመጀመሪያው ሳምንት እጃቸውን አጣጥፈው ይቆዩና፣ የመንግሥት ጠበቃ በሚገኝበት የክርክር ደረጃ ላይ ንብረት ሸጠው ይከፍላሉ።

ይህ መመሪያ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ በፌዴራል ፍርድ ቤቶች ለሚታዩ የወንጀል ጉዳዮች የተዘጋጀ ነው። ክልሎች የራሳቸው ተከላካይ ጠበቆችና የራሳቸው የጥብቅና ፈቃድ አሰጣጥ አላቸው፤ ሕገ መንግሥቱና በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ግን እዚያም ይሠራሉ።

ክፍተቱ የት እንዳለ

ሕገ መንግሥቱን በጥንቃቄ ያነበበ ሰው ሦስት ተከታታይ አንቀጾች ያገኛል። አንቀጽ 19 ስለ ተያዙ ሰዎች፣ አንቀጽ 20 ስለ ተከሰሱ ሰዎች፣ አንቀጽ 21 በጥበቃ ሥር ስላሉና በፍርድ ስለታሰሩ ሰዎች ነው። በመንግሥት ወጪ ጠበቃ የማግኘት መብት የተጻፈው በአንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 5 ሥር ነው፤ ማለትም ለተከሰሰ ሰው። እሱም ቢሆን ሁለት ነገሮች ሲገናኙ ነው፦ ሰውዬው ጠበቃ ለማቆም አቅም ሲያጣ፣ እንዲሁም በዚህ ምክንያት ፍትሕ ሊጓደል የሚችል ሲሆን። አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው የታሰረበት ምክንያት በሚገባው ቋንቋ እንዲነገረው፣ ዝም የማለት መብት እንዲኖረውና በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዛል፤ የመንግሥት ጠበቃ ግን አይሰጠውም። አንቀጽ 21 ከጠበቃው ጋር እንዲገናኝ ይፈቅዳል፤ ጠበቃውን የሚያመጣው ግን ራሱ ወይም ቤተሰቡ ነው።

ስለዚህ ከተያዘበት ሰዓት አንሥቶ የክስ ቻርጅ እስኪደርሰው ባለው ጊዜ ብዙ ሰው ብቻውን ነው። ቃል የሚሰጠው፣ ዋስትና የሚጠየቀውና የሚከለከለው፣ ማስረጃ የሚሰበሰበው ደግሞ በዚሁ ጊዜ ነው። በእኛ አስተያየት ለጠበቃ የሚወጣ ገንዘብ ካለ መጀመሪያ መዋል ያለበት እዚህ ላይ ነው። የቀረው መመሪያ በዚህ ሐሳብ ዙሪያ የሚሽከረከር ነው።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት

በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 61 መሠረት የተያዘ ሰው ወዲያውኑ ጠበቃውን ጠርቶ እንዲያነጋግር ሊፈቀድለት፣ ከጠየቀም የሚጽፍበት ነገር ሊሰጠው ይገባል። ብዙ ሰው ይህን የመጨረሻውን አያውቅም። እስክሪብቶና ወረቀት ከተሰጠው የተያዘበትን ቀንና ሰዓት፣ የያዘውን ፖሊስ፣ የተወሰደበትን ዕቃ፣ አብረውት የነበሩትን ሰዎች ስም እዚያው ይጻፍ። ከወራት በኋላ ለሚመጣው ጠበቃ ይህ ወረቀት ትልቅ ሥራ ይሠራል።

ቃል መስጠትን በተመለከተ፣ አንቀጽ 27 ተጠርጣሪው ለመመለስ እንደማይገደድና የሚናገረው ነገር ማስረጃ ሊሆንበት እንደሚችል እንዲነገረው ያዛል። ቤተሰብ ሊጠይቀው ሲገባ ሊነግረው የሚገባ አንድ ነገር ቢኖር ይህ ነው፦ ያላነበበውን ወረቀት አይፈርም። ማንበብ ካልቻለ እንዲነበብለት ይጠይቅ፤ ቃሉ በማይገባው ቋንቋ ከተጻፈ ያንኑ ይናገር። በማስገደድ የተገኘ ቃል በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19(5) ተቀባይነት የለውም፤ ሆኖም ይህን በኋላ ማስረዳት አስቸጋሪ ስለሆነ፣ ጉዳት ከደረሰበት ተጠርጣሪው በመጀመሪያው ችሎት ላይ ለዳኛው ተናግሮ እንዲመዘገብለትና ወደ ሕክምና እንዲላክ መጠየቅ አለበት። ሦስተኛው ቀጠሮ ላይ የሚነሣ አቤቱታ ክብደቱ ይቀንሳል፤ ቁስሉም ይሽራል።

የ48 ሰዓቱ ጊዜ ወደ ፍርድ ቤት ለመምጣት አግባብ ባለው ግምት የሚያስፈልገውን የመንገድ ጊዜ አይጨምርም። ካለፈ ተይዞ የቆየው ሰው አካሉ ነጻ እንዲወጣ ለፍርድ ቤት አቤቱታ ማቅረብ ይቻላል። ይህን አቤቱታ ማዘጋጀት ልምድ ላለው ጠበቃ የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ ለነጻ አገልግሎት ለመጠየቅም ጥሩ ጉዳይ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው የጊዜ ቀጠሮ ነው። የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 59 በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን በላይ አይፈቅድም፤ ስንት ጊዜ ሊጠየቅ እንደሚችል ግን በቁጥር አልወሰነም። ጠበቃ መኖሩና አለመኖሩ ጎልቶ የሚታየው እዚህ ነው። መርማሪው የምርመራ መዝገቡን ይዞ ይቀርብና «ቀሪ የምስክር ቃል መቀበል፣ የቴክኒክ ምርመራ ውጤት ማምጣት፣ ግብረ አበር መያዝ ይቀረናል፤ 14 ቀን ይፈቀድልን» ይላል። ጠበቃ የሌለው ተጠርጣሪ «እኔ ጥፋት የለብኝም፣ ልጆች አሉኝ» ብሎ ይቀመጣል፤ ይህ ለዳኛው ጥያቄ መልስ አይሆንም። ጠበቃው ግን መዝገቡን መሠረት አድርጎ ይጠይቃል፦ ባለፈው ቀጠሮ ከተፈቀደው ጊዜ ምን ተሠራበት? ስንት ምስክር ተሰማ፣ ስንት ቀረ? የሚቀረው ውጤት ከመሥሪያ ቤት በደብዳቤ የሚመጣ ከሆነ ሰውዬው መታሰሩ ለምን አስፈለገ? ያለፈው ምክንያት ቃል በቃል ተደግሞ ከሆነ ይህንኑ ያሳያል። ዳኛው ከ14 ቀን ይልቅ 7 ወይም 5 ቀን የሚፈቅደው፣ ወይም ዋስትና የሚፈቅደው አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ዓይነት ክርክር ሲቀርብለት ነው። ጠበቃ ጨርሶ ካልተገኘ ተጠርጣሪው ራሱ እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች በቃሉ ይዞ ይቅረብ።

ዋስትናን በተመለከተ አንቀጽ 63 የተከሰሰበት ወንጀል ሞት ወይም 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እሥራት የሚያስቀጣ ካልሆነና ተጎጂው ሊሞት የሚችልበት ሁኔታ ከሌለ ዋስትና እንዲፈቀድ መንገድ ይከፍታል። አንዳንድ ልዩ ሕጎች ይህን ያጠብባሉ። አንቀጽ 67 ደግሞ መከልከያ ምክንያቶቹን ይዘረዝራል፦ የዋስትና ግዴታውን አይፈጽምም ተብሎ ሲገመት፣ ቢለቀቅ ሌላ ወንጀል ይፈጽማል ሲባል፣ ምስክር ያባብላል ወይም ማስረጃ ያጠፋል ሲባል። ክርክሩ በእነዚህ ሦስቱ ላይ ስለሆነ ቤተሰብ ማዘጋጀት ያለበትም ከእነዚሁ ጋር የሚገናኝ ሰነድ ነው፦ ቋሚ አድራሻ የሚያሳይ የወረዳ መታወቂያ ወይም የቤት ኪራይ ውል፣ የሥራ ደብዳቤ፣ የታመመ እንደሆነ የሕክምና ማስረጃ። ለዋስትናው ደግሞ የደመወዝ ዋስ፣ የመኪና ሊብሬ፣ የቤት ካርታ ወይም ጥሬ ገንዘብ ከወዲሁ ይታሰብበት። ዋስትና ተፈቅዶ ሰነዱ ባለመሟላቱ ቅዳሜና እሑድን ታስረው የሚያሳልፉ ብዙ ናቸው። ከተከለከለ በአንቀጽ 75 መሠረት በ20 ቀን ውስጥ ይግባኝ ይባላል።

የመንግሥት ተከላካይ ጠበቃ

ክስ ከተመሠረተ በኋላ ዋናው ነጻ አማራጭ ይህ ነው። የፌዴራል ተከላካይ ጠበቆች ለፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተጠሪ በሆነ ጽሕፈት ቤት ሥር የሚሠሩ የሕግ ምሩቃን ናቸው፤ ደመወዛቸው ከመንግሥት በጀት ይከፈላል። ከተከሳሽም ሆነ ከቤተሰብ በምንም ስም ገንዘብ አይቀበሉም። «ለፎቶ ኮፒ»፣ «ለመዝገብ ማስወጫ» ተብሎ የሚጠየቅ ገንዘብ ካለ ለጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ መነገር አለበት።

የሚገኙት እንዲህ ነው። ተከሳሹ በመጀመሪያ ሲቀርብ ዳኛው ጠበቃ እንዳለው ይጠይቃል። «አቅም የለኝም፣ መንግሥት ያቁምልኝ» ብሎ በግልጽ መናገርና በመዝገቡ ላይ መስፈሩን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። «ራሴ እከራከራለሁ» ብሎ የተናገረ ሰው ሐሳቡን መቀየር ይችላል፤ ሆኖም ምስክር መሰማት ከጀመረ በኋላ ሲሆን ያለፈው ተመልሶ አይሰማለትም። አቅም ማጣቱን የሚገልጽ የወረዳ ደብዳቤ ሊጠየቅ ስለሚችል ቤተሰብ አስቀድሞ ቢያወጣው ቀጠሮ አያባክንም።

ጠንካራ ጎናቸው ትልቅ ነው፤ ሰዎች ከሚያስቡትም በላይ ነው። በየቀኑ በዚያው ችሎት ይቆማሉ፣ የዐቃቤ ሕጉን አካሄድ ያውቃሉ፣ የቅጣት አወሳሰኑን ስሌት በቃላቸው ይዘውታል። በግድያ፣ በውንብድና፣ በስርቆት ጉዳዮች በዓመት አንድ ሁለት ጊዜ ወንጀል ከሚይዝ የፍትሐ ብሔር ጠበቃ የተሻሉ የሚሆኑበት ጊዜ ብዙ ነው። «ነጻ ስለሆነ አይሠራም» የሚለው አመለካከት ሰዎችን ያለ አግባብ ያስከፍላል።

ድክመታቸው የጊዜ ነው። አንድ ተከላካይ ጠበቃ በአንድ ጠዋት ብዙ መዝገብ ይዞ ይገባል፤ ደንበኛውን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያየው ችሎቱ በር ላይ ወይም የተከሳሽ ሳጥን ውስጥ ሊሆን ይችላል። በመንደር እየዞረ ምስክር የሚፈልግበት ጊዜም መኪናም የለውም። ስለዚህ ይህን ክፍተት መሙላት የቤተሰብ ሥራ ነው። አንድ ገጽ ወረቀት ይዘጋጅና የሚከተለው ይጻፍበት፦ የመዝገብ ቁጥሩና ችሎቱ፤ ድርጊቱ ተፈጸመ በተባለበት ቀንና ሰዓት ተከሳሹ የት እንደነበር፤ ይህን የሚያውቁ ሰዎች ሙሉ ስም፣ ወረዳ፣ የቤት ቁጥርና ስልክ፤ እያንዳንዱ ምስክር ስለ የትኛው ነጥብ እንደሚያስረዳ፤ ያሉ ሰነዶች። ስለ ተከሳሹ ጥሩነት የሚያወሩ 10 ምስክሮች አያስፈልጉም፤ ስለ ሰዓቱና ስለ ቦታው በዓይናቸው ያዩ ሁለት ይበቃሉ።

አንድ ቸል የሚባል አደጋ አለ። በአንድ ክስ ሁለትና ከዚያ በላይ ተከሳሾች ኖረው አንድ ተከላካይ ጠበቃ ለሁሉም ከተመደበ፣ የአንዱ መከላከያ ሌላውን የሚያጠፋ ሊሆን ይችላል። 1ኛ ተከሳሽ «እኔ በቦታው አልነበርኩም» ሲል፣ 2ኛው «እሱ ሲመታው አየሁ» ካለ አንድ ጠበቃ ሁለቱን በሐቅ ሊያገለግል አይችልም። ይህ እንደታወቀ፣ የመከላከያ ምስክር ከመቆጠሩ በፊት፣ ለየብቻ ጠበቃ እንዲመደብላቸው ለችሎቱ ያመልክቱ።

የግል ጠበቃ በነጻ ሰዓቱ

የፌዴራል ፍርድ ቤት ጠበቆች የሥነ ምግባር ደንብ ቁጥር 57/1992 በአንቀጽ 49 እያንዳንዱ ጠበቃ በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት ያለ ክፍያ ወይም በአነስተኛ ክፍያ እንዲያገለግል አዟል። ከተጠቃሚዎቹ መካከል የመክፈል አቅም የሌላቸው ሰዎችና ፍርድ ቤት አገልግሎቱ እንዲሰጣቸው የጠየቀላቸው ይገኛሉ። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የጥብቅና አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1249ም ነጻ አገልግሎትን የጠበቃው ግዴታ አድርጎ ቀጥሏል፤ የኢትዮጵያ ፌዴራል ጠበቆች ማኅበርንም ያቋቋመው እሱ ነው።

ወጪውን የሚሸፍነው እዚህ ላይ ጠበቃው ራሱ ነው። ይህ ምርጫውን ይወስነዋል። አስቡት፦ ቂሊንጦ ማረሚያ ቤት ሄዶ ደንበኛን አነጋግሮ መመለስ ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ ይህ 4 ሰዓት ነው። አንድ ሙሉ ክርክር 10 ቀጠሮ ቢኖረውና እያንዳንዱ ቀጠሮ ከመጠበቁ ጋር 4 ሰዓት ቢወስድ፣ 40 ሰዓት አለቀ ማለት ነው። የዓመቱ 50 ሰዓት ለአንድ መዝገብ እንኳ በጭንቅ ይደርሳል። ስለዚህ ጠበቃን «ጉዳዬን በነጻ ያዝልኝ» ብሎ መጠየቅ አብዛኛውን ጊዜ እምቢታ ያስከትላል፤ «የዋስትና ይግባኙን ብቻ ጻፍልኝ»፣ «ሐሙስ ላለው የጊዜ ቀጠሮ አንድ ቀን ቁምልኝ» ማለት ግን እሺታ ያስገኛል። የተወሰነ ሥራ፣ የተወሰነ ቀን፣ የተሟላ ሰነድ ይዘው ይቅረቡ። የመንግሥት ጠበቃ በማይደርስበት የምርመራ ጊዜ ላይ ይህ አማራጭ ከሁሉም የተሻለ የሚሆነውም ለዚህ ነው።

ጥያቄው በጠበቆች ማኅበር፣ በፍትሕ ሚኒስቴር የጥብቅና ጉዳዮችን በሚከታተለው ክፍል፣ ወይም በቀጥታ ለጠበቃው ቢሮ ሊቀርብ ይችላል። ከመንገዶቹ ሁሉ ፈጣኑ አብዛኛውን ጊዜ የመጨረሻው ነው።

የዩኒቨርሲቲ ማዕከላትና ማኅበራት

የአዲስ አበባ፣ የባሕር ዳር፣ የጎንደር፣ የሐዋሳ፣ የጅማና የሐሮማያ ዩኒቨርሲቲዎችን ጨምሮ የሕግ ትምህርት ቤቶች ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣሉ። በምክርና በጽሑፍ ሥራ ጠንካራ ናቸው፤ የይግባኝ ማመልከቻ፣ የይቅርታ ጥያቄ፣ ለመሥሪያ ቤት የሚጻፍ አቤቱታ ያለ ክፍያ ያዘጋጃሉ። ተማሪዎች ግን ፈቃድ ስለሌላቸው ችሎት ቆመው ሊከራከሩ አይችሉም፤ አብዛኛው ሥራቸውም የቀለብ፣ የውርስና የመሬት ጉዳይ ነው። ወጪያቸው ከዩኒቨርሲቲው በጀትና ከፕሮጀክት ስለሚመጣ ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ቅርንጫፉ የሚዘጋበት ጊዜ አለ፤ ከመሄድዎ በፊት ደውለው ያረጋግጡ።

የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር በወንጀል ጉዳይ በዋናነት የሚረዳው ጥቃት የደረሰባቸውን ሴቶች ነው። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን አቤቱታ ይቀበላል፣ እስር ቤቶችን ይጎበኛል፤ ተከሳሽን ወክሎ ግን አይቆምም። ለፍርድ ቤት ሳይቀርብ ስለቆየ ወይም ስለተደበደበ ሰው ለኮሚሽኑ ማመልከት ጠቃሚ ነው፤ ይህ ግን የጠበቃን ቦታ አይተካም።

ተከፍሎት የሚቆም ጠበቃ

መክፈል የሚችል ቤተሰብ፣ ወይም ከውጭ አገር ዘመድ የሚልክለት ቤተሰብ፣ ገንዘቡን በአንድ ጊዜ አውጥቶ «ጨርስልን» ማለት የለበትም። የወንጀል ጉዳይ በደረጃ የሚከፋፈል ነው፤ ውሉም በደረጃ ይከፋፈል፦ የጊዜ ቀጠሮና ዋስትና፤ የክስ መቃወሚያ፤ የዐቃቤ ሕግ ምስክር እስከ ብይን፤ መከላከያ እስከ ፍርድ፤ ቅጣት፤ ይግባኝ። ክፍያው በየደረጃው መጨረሻ ወይም መጀመሪያ ላይ ይሁን። ውሉ በጽሑፍ ይሁን፤ ይግባኝን ያካትት እንደሆነና እንዳልሆነ በግልጽ ይጻፍበት። ጠብ ከሚነሣባቸው ነገሮች ዋናው ይህ ነው፦ ቤተሰብ «እስከ መጨረሻው» ሲል የመጨረሻውን የሰበር ችሎት ያስባል፣ ጠበቃው የመጀመሪያውን ፍርድ ያስባል።

በደረጃ መከፋፈሉ ሌላም ጥቅም አለው። ለዋስትናው ከፍለው ሰውየው ከተፈታ በኋላ ለክርክሩ አቅም ካጣ የመንግሥት ተከላካይ ጠበቃ መጠየቅ ይችላል። የግል ጠበቃ የነበረው ሰው የመንግሥት ጠበቃ አይገባውም የሚል ነገር የለም። ሲቀያየር ግን የቀድሞው ጠበቃ የመዝገቡን ሙሉ ቅጂ እንዲያስረክብ ማድረግ ግድ ነው፤ ይህ ሳይደረግ አዲሱ ጠበቃ ሁለት ቀጠሮ መዝገብ በማንበብ ያሳልፋል።

ከመክፈልዎ በፊት ፈቃዱን ይዩ። የፌዴራል ጥብቅና ፈቃድ የሚሰጠው የሕግ ዲግሪ፣ የሥራ ልምድና ፈተና ላሟላ ሰው ነው። መታወቂያው ላይ ሦስት ነገር ይመልከቱ፦ የታደሰበትን ዘመን፣ የሰጠውን አካል፣ የሚሠራበትን የፍርድ ቤት ደረጃ። ለመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ብቻ የተሰጠ ፈቃድ ከፍተኛ ፍርድ ቤት አያስቆምም፤ በክልል የተሰጠ ፈቃድ ልደታ ባለው የፌዴራል ፍርድ ቤት አይሠራም። ይህን ሳያጣሩ የተከፈለ ገንዘብ የሚጠፋው ጠበቃው ወደ ችሎት ቀርቦ «ፈቃድዎ እዚህ አይሠራም» ሲባል ነው፤ ያን ጊዜ ቀጠሮውም አብሮ ይባክናል።

በፍርድ ቤት አጥር ዙሪያ «ዳኛውን አውቀዋለሁ»፣ «ከዐቃቤ ሕጉ ጋር ተነጋግሬአለሁ» የሚሉ ደላሎች አሉ። ገንዘቡን ተቀብለው ይጠፋሉ፤ ወይም ሰውየው በራሱ መንገድ ሲፈታ «እኔ ነኝ ያስፈታሁት» ይላሉ። ጉቦ መስጠት ደግሞ ራሱን የቻለ ወንጀል ስለሆነ ቤተሰቡንም ያስከስሳል። ውጭ አገር ያላችሁ ወገኖች ገንዘብ ከመላካችሁ በፊት አራት ነገር ጠይቁ፦ የመዝገብ ቁጥር፣ የችሎቱ ስም፣ የሚቀጥለው ቀጠሮ ቀን፣ የጠበቃው የፈቃድ ቁጥር። እነዚህን መመለስ ያቃተው ሰው ጉዳዩን አልያዘም።

በጉዳዩ ዓይነት ስንመርጥ

በዋስትና ሊያስለቅቅ በሚችል ቀላል ወይም መካከለኛ ክስ ላይ ያለን ምክር ግልጽ ነው፦ ለዋስትናው ብቻ የግል ጠበቃ (በነጻ ሰዓቱ ከተገኘ እሰየው)፣ ከዚያ ወዲህ የመንግሥት ተከላካይ። ዋስትና በሚያስከለክል የግድያ ወይም የውንብድና ክስ ላይ፣ የምርመራው ጊዜ በዋናነት ተጠርጣሪው ለፖሊስ በሚሰጠው ቃል እንዳይጎዳ የመጠበቅና ያለአግባብ የረዘመ ቀጠሮን የመቃወም ሥራ ስለሆነ፣ አንድ ሁለት ጊዜ የሚቆም ጠበቃ ከተገኘ በኋላ ልምድ ያለው ተከላካይ ጠበቃ ይበቃል። የግብር፣ የጉምሩክ፣ የባንክና የሙስና ክሶች ግን ሌላ ናቸው። በመቶ የሚቆጠር ገጽ ሰነድና የሒሳብ ባለሙያ ማስረጃ ስላለባቸው ጊዜ የሌለው ጠበቃ ይሰጥምባቸዋል፤ ቤተሰብ አቅም ካለው በእነዚህ ላይ ቢከፍል ገንዘቡ አይባክንም። ካልቻለ ደግሞ የሒሳብ ሰነዶቹን በቅደም ተከተል አደራጅቶ ለተከላካይ ጠበቃው ማቅረብ የሚችል አንድ አካውንታንት ከጠበቃ ያነሰ ዋጋ ያስወጣል።

ተከሳሹ ወጣት (በሕጉ ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለ) ከሆነ ነገሩ ይለያል። የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 174 ወላጅ ወይም አሳዳጊ ካልቀረበ፣ ወይም ክሱ ከ10 ዓመት በላይ ጽኑ እሥራት ወይም ሞት የሚያስቀጣ ከሆነ፣ ፍርድ ቤቱ ጠበቃ እንዲያቆምለት ያዛል። ዕድሜው አከራካሪ ከሆነ የልደት ካርድ፣ የክርስትና ምስክር ወረቀት፣ የክትባት ካርድ ወይም የትምህርት ቤት መዝገብ በፍጥነት ይቅረብ። በወንጀል ሕጉ ከ9 ዓመት በታች ያለ ልጅ አይጠየቅም፤ ከ9 እስከ 15 ያለው ለብቻው በተደነገገ ሥርዓት ይታያል፤ ከ15 እስከ 18 ያለው ደግሞ ቅጣቱ ሊቀልለት ይችላል። የወራት ልዩነት የጉዳዩን መንገድ በሙሉ ይቀይረዋል።

ማንም ጠበቃ ቢቆም የሚበላሹ ነገሮች

የክስ መቃወሚያ የሚቀርበው ተከሳሹ የእምነት ክሕደት ቃሉን (ድርጊቱን ፈጽሜአለሁ ወይም አልፈጸምኩም የሚለውን መልስ) ከመስጠቱ በፊት ነው። ቻርጁ ቀኑን፣ ቦታውን ወይም የተጠቀሰውን አንቀጽ በግልጽ ካላስቀመጠ የሚነገረው ያን ጊዜ ነው፤ ቻርጁ እንደደረሰ ለጠበቃው ቅጂ ይድረሰው።

ከሁሉ የሚያሳዝነው የመከላከያ ምስክር ሳይሰማ ሲቀር ነው። የዐቃቤ ሕግ ምስክሮች ተሰምተው ሲያልቁ ፍርድ ቤቱ ተከሳሹን በነጻ ያሰናብታል፣ ወይም «ይከላከል» ብሎ ብይን ይሰጣል። እንዲከላከል ከተባለ የምስክሮች ዝርዝር ይሰጣል፣ መጥሪያ ይወጣል። መጥሪያው አድራሻው ባለመሟላቱ ሳይደርስ ሲቀር፣ አንድ ሁለት ቀጠሮ ከተቀየረ በኋላ ችሎቱ ምስክር የማሰማት መብቱ ታልፏል ሊል ይችላል። ሰውየው ንጹሕ ሆኖ ያለ መከላከያ የሚፈረድበት እንዲህ ነው። መጥሪያውን ቤተሰብ ከሬጅስትራር ተቀብሎ ራሱ ያድርስ፤ ምስክሩ ተቀብሎ የፈረመበትን ለችሎት ይመልስ፤ ያልተገኘ ምስክር ካለ ምክንያቱን በጽሑፍ ያቅርብ።

ጥፋተኛ ከተባለ በኋላም የጠበቃ ሥራ አላለቀም። በተሻሻለው የቅጣት አወሳሰን መመሪያ ቁጥር 2/2006 መሠረት እያንዳንዱ የማቅለያ ምክንያት የቅጣት እርከን ይቀንሳል፤ እርከን ማለት ወራትና ዓመታት ማለት ነው። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 82 የሚጠቅሳቸውን ማለትም የቀድሞ ጠባይን፣ መጸጸትንና የመሳሰሉትን በማስረጃ ማሳየት ያስፈልጋል። ከዚህ ቀደም አለመቀጣቱን የሚያሳይ የፖሊስ ማስረጃ፣ የቤተሰብ አስተዳዳሪ መሆኑን የሚገልጽ የወረዳ ደብዳቤ፣ ከተጎጂው ወገን ጋር የተደረገ የእርቅ ሰነድ፣ ካሣ የተከፈለበት ደረሰኝ ከፍርዱ ቀን በፊት ተዘጋጅቶ ይጠብቅ። ብዙ ጊዜ የቅጣት አስተያየት የሚጠየቀው ጥፋተኛ በተባለበት ዕለት ወይም በማግሥቱ ነው፤ ያን ጊዜ ወረዳ ሄዶ ደብዳቤ ማውጣት አይደርስም።

ይግባኝ ላይ ጊዜው አጭር ነው። በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 187 መሠረት ፍርዱ በተሰጠ በ15 ቀን ውስጥ ይግባኝ እንደሚል አስታውቆ የመዝገቡን ግልባጭ መጠየቅ፣ ግልባጩ በደረሰው በ30 ቀን ውስጥ ደግሞ ማመልከቻውን ማስገባት አለበት። ግልባጩ የተሰጠበት ቀን በማኅተም እንዲመታበት ይጠይቁ፤ የ30 ቀኑ ክርክር የሚነሣው በዚህ ቀን ላይ ነው። ታራሚ ማመልከቻውን በማረሚያ ቤቱ አስተዳደር በኩል ማስገባት ይችላል፤ ለአስተዳደሩ የሰጠበትን ቀን የሚያሳይ ቅጂ ግን በእጁ ይቅር። የመጀመሪያው ተከላካይ ጠበቃ ወደ ይግባኝ ችሎቱ አብሮ ላይሄድ ስለሚችል፣ ግልባጩን ሲወስዱ በዚያው ፍርድ ቤት ያለውን ተከላካይ ጠበቃ ጠይቀው አዲስ ምደባ ያስመዝግቡ፤ አንድ ቅጂም ለዩኒቨርሲቲ ማዕከል ቢሰጡ ማመልከቻው ሳይዘገይ ይጻፋል።